ግራንድ ቪታራ በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ግራንድ ቪታራ የያዘ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ጠያቂው መልሱን እየጠበቀ እንኳ አይደለም። «ነዳጅ ትበላለች አይደል?» ብሎ ራሱ ይጨርሰዋል። ከቤተሰብ ሰምቼዋለሁ፣ ከሥራ ባልደረባ ሰምቼዋለሁ፣ ማደያ ላይ ወረፋ ስጠብቅ ከማላውቀው ሰውም ሰምቼዋለሁ።

አዎ፣ ትበላለች። የእኔዋ ባለ አምስት በር ናት፤ ሞተሯ 2.4 ሊትር፣ ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ከከተማ ወጥታ መንገድ ሲለቀቅላት 10 ትደርሳለች። ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ ባለቤት ካለ በምን እንደለካ ጠይቁት።

ግን ይህ ቁጥር ሲነሳ የሚወራው ወሬ ያበሳጨኛል። መኪናዋ እንደታመመች ወይም ሱዙኪ ሥራውን እንዳበላሸ ተደርጎ ይወራል። የምትበላው ነዳጅ ከአሠራሯ የሚመጣ ነው። ከፊሉ ስትሠራ የተወሰነ ስለሆነ ማንም ጋራዥ አይቀንሰውም። ከፊሉ ግን በእኛ እጅ ነው፤ ብዙ ባለቤት ገንዘቡን የሚያፈሰው መጀመሪያው ላይ ነው እንጂ ሁለተኛው ላይ አይደለም። ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚህ ነው።

ሱዙኪ የመጀመሪያዋን ቪታራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በአገሯ በጃፓን ኤስኩዶ ይሏታል። ያኔ እውነተኛ ፎር ዊል ማለት ላንድክሩዘር፣ ላንድሮቨር፣ ፓጄሮ ማለት ነበር። ቪታራ ትንሽ ሆና መጣች። ከተማ ውስጥ እንደ አውቶሞቢል ትነዳለች፤ ሥሯ ብታዩ ግን እንደ ትልልቆቹ ሻንሲ አላት፣ ለጭቃና ለዳገት የሚሆን ፎር ሎ የሚባል ዝቅተኛ ማርሽ አላት። ግራንድ ቪታራ የሚለው ስም በ1998 ተከተለ። አብዛኞቻችን ዛሬ የምንነዳት ቅርጿ ማዕዘን የበዛባት፣ ተቀያሪ ጎማዋን ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ደግሞ በ2005 የወጣችው ናት። እሷም እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ተሠርታ ቆመች።

ይህች የ2005ቷ ሞዴል አንድ ልዩ ነገር አላት። ሻንሲው ከአካሉ ጋር ተበይዶ አንድ ሆኗል። ስለዚህ ከድሮዋ ቪታራ ይልቅ አስፋልት ላይ ረጋ ያለች ናት። ፎር ዊሉ ግን አልለሰለሰም። በመደበኛ አነዳድ ጊዜም የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማ ይከፋፈላል፤ 47 ከመቶው ለፊት፣ 53 ከመቶው ለኋላ። ከራዲዮው በታች ያለችውን ቁልፍ ስታዞሩ መጀመሪያ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው መሐለኛው ዲፈረንሻል ይቆለፋል፤ ቀጥሎ ፎር ሎ ይገባል። ፎር ሎ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ጉልበቱ ደግሞ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ አስቡት። ቦሌ መንገድ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ስሄድም ያ ሁሉ ብረት አብሮኝ ይሽከረከራል። ጉልበት አከፋፋዩ፣ ሁለቱ የማስተላለፊያ ዘንጎች፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉ፣ በውስጣቸው ያለው ወፍራም ዘይት። በዚያ ላይ ባዶዋን ከ1,600 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ቅርጿ ንፋስ የሚሰነጥቅ አይደለም። አውቶማቲኳ አራት ማርሽ ብቻ ስላላት በረጅም መንገድ ሞተሩ ከዘመኑ መኪኖች በላይ ይዞራል። በዚህ ሁሉ ላይ «ካንዴላ ብቀይር ነዳጅ ይቀንስልኛል?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ከባድ ነው።

የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለባለ 2.4ቷ ፎር ዊል አውቶማቲክ የሰጣት ቁጥር በከተማ 19፣ በረጅም መንገድ 23 ማይል በጋሎን ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ በዚህ ነው የምታወሩት። ወደ እኛ አለካክ ለማምጣት ለ2.35 ማካፈል ነው። ከተማ 8፣ ረጅም መንገድ 10 ገደማ ይሆናል። የእኔዋ ከዚህ ብዙ አልራቀችም። ማለትም መኪናዋ ገና አዲስ ሳለች፣ በሰው አገር ላቦራቶሪ፣ በንጹህ ነዳጅ ተለክታም እንዲሁ ነበረች። አሜሪካ ውስጥ ከእሷ የቀለሉና ነዳጅ የሚቆጥቡ ራቭ ፎርና ሲአርቪ ነበሩ። ገዢው ወደዚያ ሄደ። ሱዙኪም በ2012 መጨረሻ የአሜሪካን የመኪና ገበያ ለቆ እንደሚወጣ አስታወቀ። ምክንያቱ ነዳጅ ብቻ አልነበረም፤ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ አልነበረም ለማለት ይከብደኛል።

አንዳንዴ ሰው ከኢንተርኔት ያገኘውን ይልክልኛል። «ይኸው ግራንድ ቪታራ በሊትር 28 ትሄዳለች ይላል፣ ያንተዋ ምን ሆና ነው?» ቁጥሩ ውሸት አይደለም። በ2022 ሱዙኪ ስሙን ሕንድ ውስጥ ከመቃብር አስነሥቶታል። አዲሷ የምትገጣጠመው ካርናታካ ባለው የቶዮታ ፋብሪካ ነው። ሃይብሪዷ ባለ 1.5 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አላት፤ በሕንድ መንግሥታዊ ፍተሻ በሊትር 27.97 ኪሎ ሜትር ተመዝግቦላታል። ጥሩ መኪና ናት። ግን ከአሮጌዋ ጋር የሚያገናኛት ስሟ ብቻ ነው። ያቺ ሃይብሪድ ጉልበቷ ለፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ፎር ሎም የላትም። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልመለስ፤ እዚህ የሚባለው ነገር ግማሹ እውነት ነውና። «ከፍታው ነው ነዳጅ የሚበላው» ይባላል።

ከተማችን ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ፋብሪካው 166 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ሸጧል፤ መስቀል አደባባይ ስትደርስ በተግባር 130 ገደማ ትሆናለች። ይህ እውነት ነው፤ ጂቡቲ ወርዶ የተመለሰ ሹፌር ሁሉ ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል።

ግን ጉልበት ማነስና ነዳጅ መብላት ሁለት ነገር ናቸው። ነዳጅ የሚሰጠው ኮምፒውተር የገባውን አየር ይለካል። አየሩ ካነሰ ነዳጁንም ያሳንሳል። እንዲያውም በሳሳ አየር ውስጥ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚገፋት ንፋስ ይቀላል፤ ሞተሩም ለዚያው ሥራ የአየር በሩን ይበልጥ ከፍቶ ስለሚሠራ አየር ለመሳብ የሚያጠፋው ጉልበት ያንሳል። በሜዳ ላይ፣ በረጋ ፍጥነት ብትነዱ ከፍታው ሊጠቅማችሁ ሁሉ ይችላል። የድሮዎቹ ካርቡራቶር ያላቸው ቪታራዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ነዳጁን ባሕር ዳርቻ እንዳለ አድርጎ ያፈሰዋል፤ ጥቁር ጭስም ከዚያ ይመጣል። ያ ወሬ ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል።

ታዲያ የሚበላው ምንድን ነው? እግራችን ነው። ጉልበቷ ሲያንስብን እንረግጣለን። ስንረግጥ አውቶማቲኩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩ 4,000 ዙር ይደርሳል፤ ያጓራል፤ ከዚያ መብራት ይይዘንና ያንን ሁሉ ፍጥነት በፍሬን እናጠፋዋለን። ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣውን ዳገት አስቡት። እዚያ ላይ አሥር መኪና ለመቅደም ተረግጦ የተቃጠለው ነዳጅ ቀጣዩ መብራት ላይ የፍሬን ሸራ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቀስ ብሎ የሚወጣው ሰው እዚያው መብራት ላይ ይደርስብናል። እኔ ይህን ከተረዳሁ በኋላ ማርሹ እንዲቀንስ አላስገድደውም። ማርሽ ሳይቀንስ የሚወጣበትን ፍጥነት እግሬ ለምዶታል።

ዳገት ራሱ የሚያስከፍለው ነዳጅ ሊሰላ ይችላል። ከአዲስ አበባ አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ 600 ሜትር ያህል። አራት ሰውና ሻንጣ ጭነን መኪናዋ ሁለት ቶን ሆነች እንበል። ሁለት ቶን 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይይዛል፤ ሞተሩ ግን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። ስለዚህ ከአዳማ ስንመለስ፣ ከሜዳ መንገድ ይልቅ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ዳገቱ ይወስዳል። ስንወርድ ከሞላ ጎደል ያንኑ ያህል ይተርፈናል።

በሜዳ ላይ በሊትር 10 የምትሄድ መኪና እንግዲህ ወደ አዳማ ስትወርድ ወደ 12 ትጠጋለች፤ ስትመለስ ከ9 በታች ትሆናለች። አዳማ ደርሶ «የእኔዋ 12 ትሄዳለች» የሚል ባለቤትና ከአዳማ ወጥቶ «8 ተኩል ናት፣ ሸጥኳት» የሚል ባለቤት ስለ አንድ መኪና ነው የሚያወሩት። መለካት የፈለገ ሰው ደርሶ መልስ ይለካ። ማደያ ፉል አድርጎ ይውጣ፤ ተመልሶ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቦታ ቆሞ ፉል ያድርግ፤ ኪሎ ሜትሩን በቀዳው ሊትር ያካፍል። የነዳጅ ጌጁን ማመን አያዋጣም። ጎማዋን በትልቅ ጎማ ያስቀየረ ደግሞ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አሳንሶ እንደሚቆጥርበት ይወቅ። ትልቅ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ብዙ ይሄዳልና።

አሁን በእጃችን ስላለው ክፍል ልንገራችሁ። በዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

መኪናዋን ስገዛት ከተማ ውስጥ በሊትር 6 ነበር የምትሄደው። ሁሉም ሰው የራሱን መድኃኒት አዘዘልኝ። ካንዴላ ቀይር፣ ኖዝል አሳጥብ፣ ኦክስጅን ሴንሰሯ ሞቷል፣ ኦክቴን መጨመሪያ ጨምርባት። (የመጨረሻው በተለይ እዚህ ከፍታ ላይ ምንም ትርጉም የለውም። ኦክቴን የሚጨመረው ሞተር እንዳያንኳኳ ነው፤ አየሩ በሳሳበት ቦታ ደግሞ ሞተር የመንኳኳት ጠባዩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።) በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ እሱ የሚያምናቸው አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰደኝ። ጋሼ እንላቸዋለን። ኮምፒውተር አልሰኩም፤ ምንም አልፈቱም። «ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ አምጣልኝ፤ አስጎትተህም ቢሆን» አሉኝ።

ማስጎተት አላስፈለገም፤ ማታውኑ እዚያው አሳደርኳት። ጠዋት ኮፈኗን ከፈቱ። «አስነሣ» አሉኝ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ቱቦ በእጃቸው ያዙ። ዝም ብለው ቆሙ። ጥቂት ቆይተው የእኔንም እጅ ወስደው ቱቦው ላይ አስቀመጡት። ለብ ማለት ጀምሯል።

«ይሄ አሁን መሞቅ አልነበረበትም» አሉኝ። «ቴርሞስታት ያለው ሞተር ውሃውን መጀመሪያ እዚያው ውስጡ ይዞ ያሞቀዋል። ይህ ቱቦ ብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ድንገት ነው የሚያቃጥልህ። የአንተ ግን ከመነሻው ውሃው ይዞራል። ልጄ፣ ይህ ሞተር ቀኑን ሙሉ ጠዋት ላይ ነው ያለው።»

የቴርሞስታቱን ክዳን ፈቱት። ባዶ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ባለቤት ዘመን፣ አንድ ጋራዥ አውጥቶ ጥሎታል።

ይህ እኛ አገር የተለመደ ነገር ነው። ራዲያተር ሲደፈን ወይም ቬንቲሌተር ሲደክም ሞተር ይሞቃል። ዋናውን ችግር ከመሥራት ይልቅ ቴርሞስታቱን ማውጣት ይቀላል። የሙቀት ጌጁ ይወርዳል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ከፍሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ማንም አያይም። ሞተሩ ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ኮምፒውተሩ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ሲያይ «ገና ተነሣ» ብሎ ያስባል። ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል። አዲስ አበባ በሐምሌ ጠዋት ምን ያህል እንደምትበርድ ታውቃላችሁ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ከቤት እስከ ቢሮ አንዴም ሳይሞቅ ሊደርስ ይችላል። ነዳጁ ብቻም አይደለም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት እየወረደ ያቀጥነዋል፤ ሞተሩንም ያስረጀዋል።

ራዲያተሩ ተከፍቶ ተጠረገ፤ አዲስ ቴርሞስታት ገባ፤ ከ6 ወደ 7 መጣች።

«አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው «በሊትር ስንት» የሚለው ጥያቄ የሚያሳስተን። በሊትር 6 የምትሄድ መኪና ለመቶ ኪሎ ሜትር 16.7 ሊትር ትፈልጋለች። 7 የምትሄደው 14.3። ልዩነቱ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። አሁን በሊትር 14 የምትሄድ ትንሽ አውቶሞቢል ውሰዱና ወደ 15 አሻሽሏት። ለመቶ ኪሎ ሜትር ከ7.1 ወደ 6.7 ወረደች፤ ልዩነቱ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። አንድ ኪሎ ሜትር በሊትር ለበላተኛ መኪና አምስት እጥፍ ዋጋ አለው። ስለዚህ «እሷ እንደሆነች ጠጪ ናት፣ ምን ዋጋ አለው» ብሎ መተው የተገለበጠ ሐሳብ ነው። ትንሽ ጥገና ብዙ ነዳጅ የሚያተርፈው እንደ ግራንድ ቪታራ ያለች መኪና ላይ ነው።

ቀሪዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። የጎማ ንፋስ በሹፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን፤ ጎሚስታው በግምት አይሙላው። ጣሪያዋ ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ የማትጭኑበት ከሆነ ይውረድ፤ በረጅም መንገድ ንፋሱ ይቆጠራል። ከነዳችሁ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሞቅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮ መቀየር ለሞተሩ ጤናና ለጉልበቱ ይጠቅማል፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ላይ ግን ነዳጅ ያን ያህል አይቀንስም፤ ነጋዴው የሚላችሁን አትስሙ።

በአንድ ነገር ላይ ግን ልቆም። ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን አውጥቶ፣ መልቀቅ። ብዙ ጥሩ ሹፌሮች ሳይቀሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ያደርጉታል። ለካርቡራቶር ዘመን ምናልባት። እንደ ግራንድ ቪታራ ባለ ሞተር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነሥቶ ስትወርዱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ የሚቃጠል ነገር የለም። ፎሌ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ። ማለትም ፎሌ ነዳጅ ይጨምራል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የዓባይን በረሃ የሚያህል ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ ነው። ፍሬን ሲግል ይከዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንወርድ ስንት መኪና ገደል ሥር አይተናል። እባካችሁ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው 7ቱን ምናልባት 7 ተኩል ያደርጋታል። ከዚያ በላይ የለም። ቀሪው ፎር ዊሉ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ማንሣት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በ2017 ታኅሣሥ ማለቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። የግራንድ ቪታራ ታንከር 66 ሊትር ይይዛል። በመጀመሪያው ዋጋ ፉል ለማድረግ 3,157 ብር ይበቃ ነበር፤ በሁለተኛው 6,697 ብር። ይህ በቀልድ የሚታለፍ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ወዳጆች እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ከአያት ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አያት ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ይህች መኪና የማትጠቀሙበትን ነገር በየቀኑ እያስከፈለች ትኖራለች። የከተማችን ብዙዎቹ ግራንድ ቪታራዎች ያቺን ቁልፍ አንዴም ሳትዞር ያረጃሉ። ያሳዝነኛል።

እኔ ግን እናቴ ያለችው ከጉንችሬ ማዶ ነው። ለመስቀል ስንሄድ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። አስፋልቱ ያልቃል፤ ጠጠሩም ያልቃል፤ ከዚያ በእንሰት መሐል የሚያልፍ ቀይ ጭቃ ነው። ሚኒባስ የሚቆመው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። እዚያ ደርሼ ቁልፏን ወደ ፎር ኤል ሎክ፣ ማለትም ወደ ፎር ሎው፣ አዞራለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል፤ መኪናዋ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ሳትጮህ፣ ጭቃውን እየነከሰች ትወጣለች። እዚያ ላይ በሊትር ስንት እንደምትሄድ ብትለኩ ሦስት ወይም አራት ነው። ባለፈው ክረምት እናቴ ታማ ሌሊት ወደ ወልቂጤ ሆስፒታል ስናወርዳት በዚያው ጭቃ ነበር። ዝናቡ አላቆመም። የመንደሩ ሰው ቃሬዛ አዘጋጅቶ ነበር፤ አላስፈለገም። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ «ቀስ በል» እያለችኝ ደረስን።

በዚህ መጠን ይህን የምትሠራ መኪና ዛሬ ፈልጉ። በዚህ ስፋት ያሉ አዳዲሶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የፊት ጎማ አውቶሞቢል ሆነው ከፍ የተደረጉ ናቸው። ሱዙኪ ራሱ ፎር ሎውን ያስቀረው ለጂምኒ ነው፤ ጂምኒ ደግሞ ለቤተሰብ ትጠባለች። ከዚያ በላይ ስትወጡ ወዲያው ፕራዶ ነው፤ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ነዳጅ ቆጣቢነት ትልቅ ነገር ነው፤ ለአገርም ለኪስም። ግን ኩባንያዎቹ የቆጠቡት ነዳጅ የመጣው በከፊል ከዚህ ነው፤ ጭቃ ላይ የሚሠራውን ብረት አውጥተው በመጣል። ለአብዛኛው የዓለም ገዢ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የመጨረሻው አሥር ኪሎ ሜትር ጭቃ ለሆነበት ሰው ግን ማንም አላሰበም።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ተጨማሪ መልክ ይዟል። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው። ጎረቤቴ አንድ ገዝቷል። ማታ ግቢው ውስጥ ሰክቶ ያድራል፤ ለወር የሚከፍለው መብራት የእኔን የአንድ ሳምንት ቤንዚን አያህልም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል፤ ከተማ ውስጥ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ግን ከዚህ በኋላ የግራንድ ቪታራ ቁጥር አይጨምርም። ያሉት ናቸው የሚቆዩት፤ በእጅ በእጅ እየተላለፉ፣ ሶማሌ ተራ በሚገኝ ዕቃ እየተጠገኑ፣ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ስለዚህ አሁን የምትገዙ ካላችሁ እንዴት እንደምትመርጡ ልንገራችሁ።

ባለ 2.0 ማንዋልና ባለ 2.4 አውቶማቲክ አብረው ቢቀርቡላችሁ፣ ብዙ የምትነዱት ከተማ ከሆነና ፍሪሲዮን መርገጥ ካልሰለቻችሁ ማንዋሏን ውሰዱ። ጉልበቷ ያንሳል፤ ግን ማርሹን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ዳገት ላይ ያለ ፈቃዳችሁ አታጓራም። ባለ ቪ6 ሞተሯን ጭነት ካልጎተታችሁ በቀር እለፏት። ቁልፏን አዙራችሁ ፎር ሎ እንደሚገባና እንደሚወጣ ሻጩ ፊት ሞክሩ፤ ዓመታት ሳይነካ የቆየ አንዳንዴ እንቢ ይላል። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና እኩል ያለቀ ይሁን፤ ሁልጊዜ ፎር ዊል በሆነች መኪና ላይ የተለያየ ጎማ ዲፈረንሻሉን ይጎዳል፤ ነዳጅም ይጨምራል። ለሻጩም ከማታው ደውላችሁ ጠዋት እስክትመጡ ሞተሩን እንዳያስነሣ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኗን አስከፍቱና፣ ሞተሩ እንደተነሣ ያን የላይኛውን ቱቦ በእጃችሁ ያዙ።